ከመኪናዋ ሆና ትቀበል የነበረችው ቬስታ

ባለፈው ሳምንት ከሸለቆው መግቢያ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ አዲስ ሰሌዳ ተተክሏል። «ይህ የቬስታ ስሎን አገር ነው፤ እንኳን ደህና መጣችሁ» ይላል። ከሥሩ ጊታር ተስሎበታል። መኪናዬን አቁሜ አነበብኩትና ደሜ ፈላ። አገሯስ አገሯ ነው፤ እዚሁ ሳወርውድ ሸለቆ ተወልዳ እዚሁ ነው የሞተችው። ግን በሕይወት እያለች ይቺ አገር መቼ «ልጄ ነሽ» አለቻት? የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው ሆነና ነገሩ፣ ሰሌዳውን ካስተከሉት ውስጥ ስንቱ በቁሟ ሰላምታ የነፈጋት ነው! እኔ ኢሞጂን የአጎቷ ልጅ ነኝ። እሷ ስትዘፍን ከኋላዋ ቆሜ፣ ቁመቴን የሚበልጠውን ባለ ወፍራም ክር ባስ ስመታ ነው ያረጀሁት። ስለዚህ የቬስታን ነገር ከእኔ ስሙ፤ ከሰሌዳው አይደለም።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጊታር የለም፣ ፒያኖ የለም፣ የሚመታ የሚነፋ ነገር የለም። አንድ ሽማግሌ ይነሳና የመዝሙሩን አንድ መስመር ፈጠን አድርጎ ያወጣል፤ ሕዝቡ ያንኑ መስመር እየጎተተ፣ እያንጎራጎረ ይቀበለዋል። ከዚያ ሽማግሌው ሌላውን መስመር ያወጣል። አውጪ ከሌለ መዝሙር የለም። ሰው ሁሉ ቃሉን በቃሉ ቢያውቀውም አውጪ ካልቀደመው አፉን አይከፍትም። አውጪው ደግሞ ወንድ ነው፤ ሴት ትቀበላለች እንጂ አታወጣም። ይኼ ሕግ የት ተጽፎ እንደሚገኝ እስከ ዛሬ ያሳየኝ ሰው የለም።

ቬስታ ሕጉን ገና በልጅነቷ ነው የጣሰችው። ለክረምት የሚደርቀውን ፎሶሊያ በረንዳ ላይ ተቀምጠን በመርፌና በክር ስንሰካ፣ እሷ ታወጣለች፣ እኔ እቀበላለሁ። ድምፅዋ ግማሹ ከደረቷ፣ ግማሹ ከአፍንጫዋ ነበር የሚመጣው። ለስላሳ ድምፅ አልነበረም፤ ግን አንዴ ከሰማችሁት ሥራችሁን ትታችሁ ትቆማላችሁ። እናቷ ኦሊ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ከወጥ ቤት ብቅ ትላለች።

«አንቺ ልጅ! ሴት ታወጣለች ማን አለሽ? ተይ፣ ሰው ይሰማሻል!»

«ይስማኛ እማዬ፤ ታዲያ የሚዘመረው ለምንድን ነው?»

«ምላስሽ ይቆረጥ!» ትላታለች። ትበላት እንጂ በሩን አትዘጋውም፤ እዚያው ቆማ ታዳምጣለች።

ታላቅ ወንድሟ ደንቨር ከሰል ሊቆፍር ገብቶ ሳይወጣ የቀረው እሷ ገና ኮረዳ ሳለች ነው። የማዕድኑ ፊሽካ የሚጮኸው ሠራተኛ ሲገባና ሲወጣ ነበር፤ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ ሴቶች ሁሉ የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ። ያን ቀን ኦሊ የደንቨርን ሸሚዝ አጥባ ልታሰጣ ወጥታ ነበር። ቬስታ ይህንኑ በወንድሟ ጊታር ላይ አድርጋ ዘፈን አወጣችው፤

ፊሽካው ጮኸ ያለ ሰዓቱ፣
ሸሚዙን ልታሰጣ ወጥታ እናቱ።

ይኸው ነው። ጌጥ የለው፣ ምን የለው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ማንንም ገብቶ እንዲዘፍን ይፈቅድ ነበርና ሄደን ዘፈነችው። በሳምንቱ ሸለቆው በሙሉ ሲያንጎራጉረው ሰማን። ከዚያ የዳንስ ቤቶች ጠሩን። ወንዶቹ ቢራ ይጠጣሉ፣ ይደባደባሉ፤ ይቺን ዘፈን ስትጀምር ግን ጠርሙሳቸውን አስቀምጠው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ።

ቤተ ክርስቲያናችን ግን ባርኔጣ አላወለቀችም። ወንድም ኤልዚ ያኔ አዲስ የተሾመ ሽማግሌ ነበር፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ ሲስቅ አይቼው የማላውቅ ሰው። አንድ እሁድ ከምእመኑ ፊት አቆማት።

«እህት ቬስታ፣ ቅዳሜ ለሰካራም እየዘፈንሽ እሁድ ከእኛ ጋር አትዘምሪም። ከሁለት አንዱን ምረጪ» አላት።

«ወንድም ኤልዚ፣ ጊታሩን ቤት ትቼው ነው የመጣሁት። ድምፄን የት ትቼው ልምጣ?» አለችው።

አንድም ሰው አልሳቀም። ትውጣ የሚል እጁን ያውጣ ተባለ፤ አወጡ። ከማኅበሩ ለዩዋት። ዳንስ ቤት ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ በዓይኔ በብረቱ ያየኋቸው ወንዶች እሁድ እጃቸውን ሲያወጡባት አየሁ! እኔማ ተነስቼ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ እግሬ አልረገጠም።

እሷ ግን እንደ እኔ ቁጡ አይደለችም። በሚቀጥለው እሁድ አሮጌ ፒክአፗን ነድታ መጣችና ከቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ሥር አቆመችው። የመኪናዋን መስኮት አወረደች። ኤልዚ ከውስጥ ሲያወጣ እሷ ከውጭ ተቀበለች። በሚቀጥለውም እሁድ እንዲሁ፤ በሚቀጥለውም። ልጇ ሮንዳ ከተወለደች በኋላ ሕፃኗን አጠገቧ አስቀምጣ ትመጣ ነበር። በበረዶ ጊዜ እንኳ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ መስኮቷን አትዘጋም።

አሁን ደግሞ የሚያናድደውን ስሙ። ኤልዚ ጥሩ አውጪ ነው፤ አልዋሽም። ነገር ግን ዜማው ከፍ የሚልበት አንድ ቦታ አለ። እዚያች ጋ ሲደርስ ድምፁ ይከዳዋል፤ ይለቃታል። ድሮም ይዛ የምታሻግርለት ቬስታ ነበረች። ካባረሯት በኋላም እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ፒክአፕ ያቺ የአፍንጫ ድምፅ ትመጣና ትይዝለታለች፤ ሕዝቡም እሷን ይዞ ይሻገራል። ምስጋናው ምን ሆነ መሰላችሁ? በሚያቃጥል የበጋ እሁድ፣ ላብ ከግንባራቸው እየተንጠባጠበ፣ መስኮቱን ዘጉባት። የእሷን ድምፅ ላለመስማት ሲሉ ታፍነው ዋሉ! እሷ ደግሞ ጮክ ብላ ዘመረች።

በዚህ መሃል ሸክላ አሳታሚዎቹ የከተሙባት ናሽቪል ዘፈኑን ሰምታ ጠራችን። ሸክላ ልናስቀርጽ ሄድን። እዚያ ያለው አስቀራጭ ፀጉሩ በቅባት የሚያብለጨልጭ ሰው ነው።

«የእኔ እመቤት፣ ከአፍንጫሽ አትዝፈኚ፤ ለስለስ አድርጊው። ይኼንን የማዕድን ነገር ደግሞ እናውጣው። ሰው መኪና እየነዳ ስለ ሬሳ መስማት አይፈልግም» አላት።

«ሰው ምን እያደረገ ነው ስለ ሬሳ መስማት የሚፈልገው?» አለችው።

ጉልበቱ ግን የእሱ ነበር። ዘፈኑ የወጣው በቫዮሊን ተለብጦ ነው። ፊሽካው የባቡር ፊሽካ ሆነ፤ ደንቨርም ርቆ የሄደ ፍቅረኛ ሆነ። የሞተው ወንድሟ እኮ ነው! ሸክላው ወጣ፣ ሬዲዮም አጫወተው፤ እሷ ግን መድረክ ላይ ወጥታ እንደዚያ አድርጌ አልዘፍንም አለች። የራሷን ዘፈነች። እነሱም ውል ቀደዱና አሰናበቷት። ወደ ሳወርውድ ስንመለስ ተራራውን እስክናልፍ ድረስ ፊቷ እንደተቋጠረ ነበር። ወደ ሸለቆው ስንወርድ ግን ፈታ አለና፣ «ኢሞጂን፣ ርቦኛል፤ የበቆሎ ዳቦ ቤትሽ አይጠፋም አይደል?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ሆነች። ያንን ጠመዝማዛ የተራራ መንገድ ጠዋትና ማታ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጣች። ልጆቹ እንዳይረብሹ ትዘፍንላቸዋለች። ዳረል የሚባል አንድ ጎረምሳ ነበር፤ መታጠፊያ በደረሱ ቁጥር የሚያስመልሰው። እሱን ከኋላዋ ታስቀምጠውና፣ «ዳረልዬ፣ ወደ ውጭ እይ፣ አብረኸኝ ዝፈን፣ ሆድህን እርሳው» ትለዋለች። ሠራተኞች ሥራ ባቆሙ ጊዜም በየማዕድኑ በር እየሄደች ያንን ዘፈን፣ ያልተለበጠውን፣ ትዘፍንላቸው ነበር። ሸክላዋ ከተረሳ በኋላ ስሟን ያነሳ ጋዜጣ የለም፤ ቅዳሜ ማታ እሷ የምትዘፍንበት የዳንስ ቤት ግን መቀመጫ አይገኝበትም ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። በስተርጅናዋ፣ ሳንባዋ ታሞ የኦክሲጅን ቱቦ አፍንጫዋ ላይ ከተተከለ በኋላ፣ የሆነ ፊልም ዘፈኗን አስገባው። የሬዲዮ ጣቢያው ድሮ ቀርጾ ያስቀመጠውን፣ ከነማዕድኑ፣ ከነአፍንጫዋ! ወጣቶች ስልካቸውን ይዘው ከየአገሩ መጥተው በሯን ማንኳኳት ጀመሩ። ያኔ ሹማምንቱ ነቁ። የጎብኚዎች ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ የሚያስመልሰው ዳረል።

ቬስታ ከመሞቷ በፊት በነበረው መኸር እኔና ሮንዳ ወጥ ቤቷ ውስጥ ፎሶሊያ እንሰካለን፣ እሷ ወንበሯ ላይ ሆና ታያለች።

«ስሙኝ» አለች። «ከእናቴ ጎን፣ ኮረብታው ላይ ቅበሩኝ። ጊታር አታምጡብኝ። ባስሽንም አታምጪው ኢሞጂን፤ ይቅርታ። አንድ ሰው ያውጣልኝ፣ ሌላው ይቀበልልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ እማዬ» አለች ሮንዳ። እኔም እሺ አልኩ።

የሞተችው በግንቦት፣ ሸለቆው በሙሉ አበባ ይዞ የየዘመዱን መቃብር ሊያጸዳ ኮረብታ ከሚወጣበት እሁድ በፊት ነው። ሬሳዋ ገና ከቤት ሳይወጣ ዳረል ጥቁር ልብሱን ለብሶ ከች አለ። ጎረቤት ያመጣው የዶሮ ጥብስና ኬክ በተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ የሥዕል ወረቀት ዘረጋ።

«አክስቴ ኢሞጂን፣ እዩት፤ መናፈሻው እዚህ መንገዱ ዳር ነው። መቃብሯ መሃሉ ላይ ይሆናል፤ አጠገቡ ሙዚየም፣ እዚህ ጋ መድረክ። የጎብኚ አውቶቡስ በቀላሉ ይቆማል። ኮረብታው ላይ እኮ አውቶቡስ አይወጣም።»

«እሷም አውቶቡስ ላይ ተሳፍራ ልትቀበር አይደለም» አልኩት።

«ስሟ ለዘላለም ይኖራል እያልኩዎት ነው! ታዋቂ ዘፋኝ ከናሽቪል መጥቶ ፊሽካውን በጊታር ይዘፍንላታል።»

«በቫዮሊን ነው ወይስ ያለ ቫዮሊን?»

ዳረል ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን ያስተካክል ጀመር። ንዴቴ ጨመረ። «አንተ ልጅ፣ በመታጠፊያው ሁሉ ትውከትህን ስትጠርግልህ የኖረች ሴት ናት። አሁን መንገድ ዳር ልትዘረጋት?»

ሮንዳ ዓይኗ አብጦ፣ ትከሻዋ ወድቆ ተቀምጣለች። «አክስቴ፣ እኔም ኮረብታው ነው የምፈልገው» አለችኝ። «ግን ማን ያወጣላታል? ሽማግሌዎቹን ሁሉ ደውዬ ለመንኩ። ከማኅበሩ የተለየች ናት አሉኝ። ያለ አንድ ቃል፣ ያለ አንድ ድምፅ እንደ ውሻ ልቅበራት? ከዚያማ መናፈሻው ይሻላል። እስከ ነገ አውጪ ካገኘሽ ኮረብታው፤ ካላገኘሽ መናፈሻው።»

ቀጥታ ኤልዚ ቤት ሄድኩ። በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል፤ አርጅቶ አጥንት ብቻ ሆኗል።

«ኢሞጂን! ምን እግር ጣለሽ?»

«እግር አልጣለኝም፣ ንዴት ነው የጣለኝ። የቬስታ ቀብር ላይ አታወጣም አሉኝ።»

«ከማኅበር የተለየ ሰው ላይ አላወጣም። ብትመለስ በሩ ክፍት ነበር።»

«በሩን ተወው፤ መስኮቱን ነው የምልህ! በበጋ የዘጋችሁባትን መስኮት!»

«ሥርዓት ነው።»

«ያቺን ከፍ የምትለዋን ቦታ ስትደርስ መልቀቅህም ሥርዓት ነው? ማን ይይዝልህ እንደነበር አታውቅም?»

የብርድ ልብሱን ጫፍ ያፍተለትል ጀመር። «አውቃለሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«አውቃለሁ አልኩሽ። እሷ እንደነበረች ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን አላወጣም።»

አለማወቅ እኮ አንድ ነገር ነው። የማያውቅ ሰው ይቅር ይባላል። እያወቀ፣ በእሷ ድምፅ እየተሻገረ፣ መስኮት የሚዘጋ ሰው ምን ይባላል? ባርኔጣዬን ደፍቼ ከበረንዳው ወረድኩ። ሮንዳ የእናቷ ቤት በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አገኘሽ?»

«አግኝቻለሁ።»

«ማንን?»

«ነገ ታዪዋለሽ» አልኳት።

እሁድ ጠዋት ጎረቤቶች በአካፋ በቆፈሩት ጉድጓድ ዙሪያ ቆምን። የአስከሬኑ መኪና ከታች ቀርቶ ሳጥኑ በሰው ትከሻ ነው የወጣው። ኮረብታው ሙሉ ሰው ነው። የቤተ ክርስቲያኑም ሰዎች የራሳቸውን ሙታን ሊያስጌጡ መጥተዋልና፣ አበባቸውን ይዘው የቤተሰባችንን መቃብር ከሚለየው ሽቦ አጥር ማዶ በየመቃብራቸው ቆመዋል፤ ወደ እኛ አይመጡም፣ አይሄዱም። የኤልዚም ሚስት እዚያ ነው የተቀበረችው። እሱ መራመድ ስለማይችል ወንድ ልጁ በፒክአፕ አምጥቶት፣ አፈር መንገዱ ጫፍ ላይ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ዳረል ደግሞ አንድ ጊታር ተጫዋች አስከትሎ ጥዱ ሥር ቆሟል።

«አውጪው ካልመጣ እኛ ዝግጁ ነን፣ አክስቴ» አለኝ በሹክሹክታ።

«መጥቷል» አልኩትና ወደ ጉድጓዱ አፍ ቀረብኩ። ሮንዳ ያኔ ገባት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላ ቆሜ ባስ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ብቻዬን ድምፄን አውጥቼ አላውቅም። አወጣሁ፤

«ወንዙ ሞልቷል፣ ድልድይም የለው…»

የተቀበለኝ የለም። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት «ሴት ናት እኮ!» ስትል ሰማኋት። በእኛ ወገን ያሉትም መሬት መሬት ያያሉ። ያንኑ መስመር ደግሜ አወጣሁት። ዳረል ለጊታረኛው ራሱን ነቀነቀለት፤ የጊታሩ ሳጥን ቀጭ ብሎ ሲከፈት ሰማሁ። ለሦስተኛ ጊዜ አወጣሁ።

ከአፈር መንገዱ ጫፍ የመኪና መስኮት ወረደ። ከዚያ ያ ደረቅ፣ ያ የማውቀው ድምፅ፣ ከፒክአፑ ውስጥ ተቀበለኝ። «ወንዙ ሞልቷል…» ብሎ ጎተተው። ኤልዚ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ዞረው አዩት፤ ማንም ግን ለመከተል አልደፈረም። ብቻውን፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሄደ፣ ሄደ፣ ያቺ ከፍ የምትለዋ ቦታ ላይ ደረሰና እንደ ልማዱ ለቀቃት። ከዚያ ጠበቀ። በስንት ዓመት ልማዱ ከውጭ የሚይዝለት ድምፅ እየጠበቀ መሆኑን እኔ አውቄያለሁ፤ የሚይዝለት ግን የሬሳ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ሮንዳ እጇን ከአፏ ላይ አነሳች። እዚያ ፒክአፕ ውስጥ፣ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ስንት እሁድ እንደሰማችው ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት። ግማሹ ከደረቷ፣ ግማሹ ከአፍንጫዋ በሆነ ድምፅ ያቺን ቦታ ያዘቻት። ያኔ ሕዝቡ ከአጥሩ ወዲህም ወዲያም አንድ ላይ ተቀበለ። ኮረብታው ተንቀጠቀጠ ብል አላጋነንኩም። ዳረል ራሱ፣ ያ የሚያስመልሰው ዳረል፣ ወደ ተራራው እያየ ይዘምራል። ጊታረኛው ሳጥኑን ዘጋ።

ኤልዚን ይቅር ያልኩት እንዳይመስላችሁ። መስመሩ ሲያልቅ በመስኮቱ በኩል አንገቱን አውጥቶ፣ «ኢሞጂን፣ ትንሽ ቀስ በይልኝ፤ እዚህ ሆኜ በደንብ አይሰማኝም፣ የጠዋቱ ብርድም ትንፋሽ ነሳኝ» አለኝ።

«እሷ በበረዶ ውስጥ ሰምታሃለች። ተቀበል!» አልኩትና የሚቀጥለውን መስመር አወጣሁ።